የመኪናዋ አንገት

ይኼ ሁሉ ብረት ከምን ሊያድነው ነው?

አቻምየለሽ ይኼን ጥያቄ ከማለዳ ጀምራ በሆዷ ስታላውሰው ቆየች። ከግቢዋ በር ላይ የጋሪ ፈረስ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። ጋሪው ላይ ጎማ የለበሱ ሦስት ጥቁር የብረት ቸርኬዎች እንደ ወፍጮ ድንጋይ ተደራርበዋል፤ አራተኛው ገና ጎሚስታው ዘንድ ነው። የመጀመሪያውን ሲያወርዱት መሬቱ ድም ሲል እግሯ ሥር ተሰማት። ሰው እንዲህ ያለ ብረት የሚያስገጥመው መንገዱ እንዲህ ያለ ብረት ቢጠይቀው ነው። መንገዱ ይኼን ያህል ክፉ ከሆነ ደግሞ ምን ሊሠራ ይሄድበታል? እሽ፣ እሱስ እንጀራው ነው ይሂድ፤ ወሯ የገባ ሚስቱን ምን ብሎ ይጭናታል?

የልጅ ልጇ ይታገሱ ከፍኖተ ሰላም ገበዝ ማርያም ድረስ፣ ቋሪት ማለት ነው፣ በአሮጌ ላንድክሩዘር ሰው እያመላለሰ ይኖራል። ገና ድክ ድክ ሲል አባቱ ስለሞተበት ያሳደገችው እሷ ናት፤ ሚስት ሲያገባም ከዚሁ ቤት አልወጣም። መኪናዋን ሲገዛት የሚያብረቀርቅ ቀላል ቸርኬ ነበራት፤ የቀድሞው ባለቤት ለአስፋልት ብሎ ያስገጠመው። ባለፈው ሚያዝያ፣ ወደ ወንዙ በሚወርደው የድንጋይ ቁልቁለት ላይ፣ አንዱ ቸርኬ እንደ ሸክላ ድስት ተሰነጠቀና መኪናዋ ወደ ገደሉ አዘንብላ ቆመች። ተሳፋሪው በመስኮት ወጣ። አንዲት ሴትዮ ዶሮዋን አቅፋ ከወጣች በኋላ ጫማዬን ብላ ልትመለስ ስትል ይታገሱ በቀሚሷ ጫፍ ጎትቶ እንዳስቀራት ማታ ቤት ገብቶ አጫወታት። እሱ ስቆ ነው የነገራት። አይታው የማታውቀው ገደል ግን እስከ ዛሬ ከዓይኗ አልጠፋም።

መካኒኩ አለበል ያኔ የተሰነጠቀውን ቸርኬ በጥፍሩ አንኳኩቶ፣ ይኼማ ለሰርግ መኪና ነው አለ። ለቋሪት ድንጋይ የሚሻለው ወፍራም ብረት ነው ብሎ መከረ። ወፍራም ቸርኬ ደግሞ የድሮው ብሎን አይበቃውም፤ ብሎኑ አጭር ስለሆነ ዳዶው ጫፉን ብቻ ነክሶ ይቀራል። ስለዚህ ይታገሱ ቡሬ ድረስ ሄዶ ረጃጅም፣ ደንዳና ብሎኖች ፈልጎ አመጣ። ዛሬ ሊገጠም ነው። ከተገጠመ በኋላ፣ ከምሳ መልስ፣ ሚስቱን ሥርጉትን ይዞ ሊወጣ ነው።

ሥርጉት የገበዝ ማርያም ልጅ ናት። የበኩር ልጅ በእናት ቤት ይወለዳል፤ ወግ ነው። እናቷ የገንፎው እህል ተሰናድቷል፣ ክረምቱ መንገዱን ሳይዘጋው ልጄን አምጡልኝ እያለች ደጋግማ ልካለች። አቻምየለሽ ወጉን አትጠላውም፤ እሷም የይታገሱን አባት የተገላገለችው እናቷ ቤት ነው። ግን ያኔ የተሄደው በእግር ነበር። እግር አይሰነጠቅም። ሆስፒታሉ እዚሁ አፍንጫችን ሥር ቆሞ ብላ አንድ ሁለቴ ብትሞክር፣ ሥርጉት መሬት መሬት እያየች፣ እናቴ ትቀየመኛለች እማማ አለቻት። ከዚያ ወዲያ አቻምየለሽ ነገሩን አላነሣችውም። ዝም ያለችው እንግዲህ በአፏ ነው።

አለበል መኪናዋን በክሪክ አነሣና ከሥሯ ግንድ ደገፈ። ሲሠራ እጁም አፉም አያርፍም። የድሮውን ብሎን በመዶሻ እየደበደበ ወደ ኋላ ሲያስወጣው፣ ይኼስ ከአክስቴ ይብሳል፣ ውጣ ሲሉት አይወጣም ይላል። አዲሱን ከኋላ አስገብቶ በዳዶ እየሳበ ቦታው ላይ ሲያስቀምጠው ብረቱ ጢጥ ይላል። ከዚያ የቸርኬውን ጀርባ፣ ከመኪናዋ ጋር የሚገጥምበትን ቦታ፣ በሞረድ እየፋቀ ጥቁር ቀለሙን አነሣው። አዲስ ዕቃ እንዲህ ሲላጥ አይታ አቻምየለሽ አዘነች። ለምን እንደሚልጠው ግን አልጠየቀችም፤ ሰው ሥራ ላይ ሆኖ ጥያቄ አይወድም።

የኋለኞቹ ሁለቱና የቀኝ የፊቷ በዚሁ አኳኋን ተገጠሙ። አለበል ዳዶዎቹን ሲያጠብቅ በዙር አይሄድም፤ ላይኛውን ካጠበቀ ታችኛውን፣ ቀኙን ካጠበቀ ግራውን ነው። በመስቀል አምሳል። ይኼን ስታይ ልቧ ትንሽ ረጋ አለላት። ይኼ ሰው አፉ ቢበዛም እጁ ያማትባል አለች በልቧ። የቀረችው የግራ የፊት ጎማ ነበረች። ከሹፌሩ እግር ሥር ያለችው፤ የይታገሱ ጎማ።

አለበል ያችንም ፈትቶ ብሎኖቿን ለውጦ ሲጨርስ ጋሪው አራተኛውን ጎማ ይዞ መጣ። አለበል ከባለጋሪው ጋር ሊያወርድ ወደ በሩ ሄደ። ሥርጉት ጓዳ ናት፤ ይታገሱ ገበያ ወጥቷል። አቻምየለሽ ከመኪናዋ ጋር ብቻዋን ቀረች።

ባዶውን ቦታ አየችው። ጎማው ሲወልቅ የተገለጠው ክብ ብረት ዘይት ጠጥቶ ጠቁሯል፤ አዲሶቹ ብሎኖች ዙሪያውን እንደ ጥርስ ቆመዋል። እንዲህ ተራቁቶ ሲታይ አንጀት ይበላል። ክርስትና ሊነሣ ልብሱን የተገፈፈ ሕፃን መሰላት። ማተብ የሚታሰረው ያን ጊዜ አይደል? የሚታሰረውስ አንገት ላይ አይደል? የመኪና አንገት የቱ ነው ብትባል ከዚህ ሌላ የት ልትጠቁም ነው? ይታገሱ መስቀል ያንጠለጠለው መስታወቱ ላይ ነው። የተሰነጠቀው ግን መስታወቱ አልነበረም።

መቀነቷ ውስጥ የቋጠረችው ነበር። ሦስት ፈትል ገምዳ ያዘጋጀችው ጥቁር ማተብ፤ ጫፉ ላይ በቁራጭ ጨርቅ የተቋጠረች እምነት አለች፣ ከጠበሉ ቦታ ያመጣችው የተባረከ አፈር። ለሚወለደው ልጅ ብላ ነበር የገመደችው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መናገር ያስፈልጋል። አምና በጥምቀት ማግስት በጆግ ጠበል ይዛ ወጥታ፣ ይታገሱ ውሃ ሲጨምርበት ያየችው መስሏት፣ የሞተሩን የዘይት ቀዳዳ ከፍታ አንቆረቆረችበት። ሞተሩ ተበላሸ፤ መኪናዋ ጋራዥ ገብታ ሰነበተች። እሱም መኪናዋ እስክትሠራ ድረስ ማታ ገብቶ እራቱን በልቶ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይተኛል እንጂ አንዲት ቃል አልተነፈሰላትም። ቢቆጣት፣ ቢጮህባት በወደደች። ቤቱ ውስጥ ሰው እያለ ሰው እንደሌለ ሆኖ ማደር እንዴት ያለ ነገር እንደሆነ ያየ ያውቀዋል። መኪናዋ ተሠርታ ስትመለስ ነው የተናገራት።

«እምየ፣ መኪናዋን ብቻ አይንኩብኝ» አላት። «ጠበል ካማረዎት እኔን ይርጩኝ።»

በአባቱ አጥንት ማለችለት። ሁለተኛ እጄን ላልሰድ፣ በአባትህ አጥንት አለች።

ያችን መሐላ አልረሳቻትም። አስታወሰቻትና፣ ማሰር መንካት አይደለም ብላ አለፈቻት። ጎንበስ ብላ ማተቡን በብሎኖቹ ሥር ዙሪያውን አዞረችው፤ ደግማ አዞረችና ቋጠረችው። እምነቷን ከላይ በኩል ወሸቀቻት። አለበልና ባለጋሪው በሳቅ እየተሰዳደቡ ጎማውን እያንከባለሉ ሲመጡ እሷ ቀና ብላ ቀሚሷን ታራግፍ ነበር።

አለበል ጎማውን አንሥቶ ብሎኖቹ ላይ ሲሰካው ዓይኑ ባለጋሪው ላይ ነው፤ ፈረሴን ልሸጠው ነው ስላለው፣ አንተ ልትጎትት ነዋ እያለ ያበሽቀዋል። ብረቱም ጥቁር፣ ማተቡም ጥቁር ነው። ዳዶዎቹን በመስቀል አምሳል አጠበቀ፤ የመፍቻው እጀታ ላይ ቆሞ ረገጠው። ይታገሱ ከገበያ ሲመለስ ነዳጅ ሊቀዳ በመኪናዋ እስከ ዋናው መንገድ ሄዶ ተመለሰ። የሞተሩን ድምፅ ከሩቅ ሰምታ፣ ይኸው፣ ምን ሆነ? ምንም አልሆነ ብላ አማተበች።

ነገሩ የመጣው ምሳ ላይ ነው። ሥርጉት ወገቧን ይዛ ልታስታጥባቸው ስትነሣ አለበል ተሽቀዳድሞ ማስታጠቢያውን ከእጇ ወሰደ፤ አንች ተቀመጭ፣ ያገር ሰው ሊሰድበኝ ነው አላት። እጁን ቢያሽ ቢያሽ የጥፍሩ ጥቁር አልለቅ አለ። የቸርኬው ቀለም ነው አለ። ሥርጉት ያኔ፣ ምነው አዲሱን ዕቃ እንዲያ ላጥኸው ብላ ጠየቀችው።

«ብረት ብረትን መንካት አለበት» አለ አለበል፣ ሽሮውን እየጠቀለለ። «መሀላቸው ቀለም እንኳ ከገባ ዳዶው የጠበቀ ይመስልሻል እንጂ አልጠበቀም። መንገዱ ሲያንቀጠቅጠው ቀለሙ ይደቃል፣ ቦታ ይለቃል፣ ዳዶው ይላላል። ከዚያ ብሎኑ አንድ ባንድ ቅንጥስ ነው።»

ጨዋታ ሲጀምር አያቆምምና ቀጠለ። አንድ ሹፌር ነበር አሉ፣ የእጅ መጥረጊያ ጨርቁን ቸርኬው ሥር ረስቶ አስሮ የሄደ። ቁልቁለት ላይ አንድ ጎማ ብቻውን እየተንከባለለ ሲቀድመው አየና፣ ይኼ ደግሞ የየትኛው ምስኪን ነው ብሎ ከንፈሩን መጠጠለት። ይታገሱ እስኪያስለው ሳቀ። ሥርጉት ሆዷን ደግፋ ሳቀች። አቻምየለሽ ልትጎርሰው የጠቀለለችውን መልሳ ትሪው ላይ አስቀመጠችው።

ቀለም እንኳ ነው ያለው። ቀለም እንኳ። እሷ ያስገባችው የተገመደ ፈትል ነው፣ ከነቋጠሮው፣ ከነአፈሩ።

ይታገሱ በር ላይ ወጥቶ ሰማዩን አየ። በቋሪት በኩል እየጠቆረ ነው፣ ቶሎ እንውጣ አለ። ሥርጉት ሻንጣዋን ዘጋች። አቻምየለሽ የሁሉንም ድምፅ ትሰማለች፣ ከማንኛቸውም ጋር ግን አልነበረችም። የተባረከ ነገር ሰው ይገድላል? እግዚአብሔር በስሙ የታሰረውን እያየ ጎማውን ይፈታል? አይፈታም ብላ ልታርፍ ፈለገች። አምናስ? ሞተሩ ጠበል ነው ብሎ መቼ ራራለት? ብረት አይማር፣ አይፈራ፣ ሃይማኖት የለው።

ከተናገረች መሐላ የበላች መሆኗ ሊታወቅ ነው፤ ያውም በአባቱ አጥንት። ያ ዝምታ ሊመለስ ነው። አሁን ደግሞ ሚስት አለው፣ ልጅም ሊመጣ ነው፤ ይኼን ጊዜ ፊቱን ወደ ግድግዳ አያዞርም፣ ቤት ተከራይቶ ይወጣል። ካልተናገረች ግን ገደሉ አለ። ወዲህ ብትል እሱን ማጣት ነው፣ ወዲያ ብትል እሱን ማጣት ነው።

እንዳገሯ ሰው ነገሩን በጎን ልታስገባው ሞከረች። ዛሬ ቀኑ ደስ አላለኝም አለች። ይታገሱ ፌስታል እየቋጠረ፣ እምየ፣ እርስዎን ደስ ያለዎት ቀን የትኛው ነው አላት። የሥርጉት ፊት ገርጥቷል፣ ነገ ቢሆንስ አለችው። ደህና ናት እምየ ብሎ ማለላት። ወደ አለበል ዞረች።

«አለበል፣ የግራዋን ደግመህ ብታያት።»

«እሷን? ስረግጣት አጠገቤ ነበሩ እኮ እማማ።»

«ፈትተህ ብታያት ነው የምልህ። መልሰህ ታስራታለህ።»

«ምን፣ ሙሽራ ናት እንዴ ገልጨ የማያት?»

ይታገሱ ሳቀና የመጨረሻውን ጆንያ ጫነ። ሥርጉት ፊት ወንበር ላይ ወጥታ ነጠላዋን ሆዷ ላይ አጣጥፋ ተቀመጠች። ከላይ ሆና ፈገግ አለችላት። ምንም የማያውቅ ሰው ፈገግታ ነው። ሆዷ ውስጥ ያለው ደግሞ ከሷም ያነሰ ነው የሚያውቀው።

ይታገሱ ሞተሩን ሲያስነሣ አቻምየለሽ ሄዳ ከመኪናዋ ፊት ቆመች። እንደ ቀልድ ጥሩንባ ነፋላት። አልተንቀሳቀሰችም። አንገቱን በመስኮት አውጥቶ፣ ምነው እምየ አለ። እጇን የመኪናዋ አፍንጫ ላይ አሳረፈች፤ ሙቀቱና መንቀጥቀጡ እስከ ክርኗ ድረስ መጣ።

«የግራዋ ጎማ ውስጥ ማተብ አለ» አለች።

በሞተሩ ጩኸት አልሰማት ይሁን አላምን ብሎ፣ «ምን አሉ?» አላት።

«ማተብ። እኔ ነኝ ያሰርሁት፣ ከብረቱ መሀል። አትሂድ።»

ሞተሩ ጠፋ።

አለበል ፊቷን አየና ወደ መኪናዋ ጎንበስ አለ። ክሪኩን ከሥር አስገባ። ይታገሱ ወረደ፤ ዞሮ ሥርጉትንም ክንዷን ይዞ አወረዳት። አለበል ጎማው ገና መሬት ላይ እንዳለ መፍቻውን የላይኛው ዳዶ ላይ አሳርፎ ሊጫነው ጎንበስ ሲል፣ መፍቻው ያለ ጉልበት ሄደ። ቆም አለ። መፍቻውን አስቀመጠና ዳዶውን በሁለት ጣቱ ያዘው። ዞረ። በጣት ዞረ። ቀጥሎ ያለውም እንደዚያው። እጀታው ላይ ቆሞ የረገጣቸው ናቸው፤ መኪናዋ ደግሞ የሄደችው እስከ ነዳጅ ማደያው ብቻ ነው።

ከአጥሩ ውጭ ባጃጅ አለፈ። ሥርጉት እጇን ወደ ኋላ ልካ የግቢውን መቀመጫ ድንጋይ ዳሰሰችና ቀስ ብላ ተቀመጠች።

«ወንዙ ድረስ አትደርስም ነበር» አለ አለበል፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ለይታገሱ ነው የነገረው።

ጎማው ወጣ። ማተቡ ተጨፍልቆ ብረቱ ላይ ተለጥፏል፤ እምነቷ ፈንድታ አፈሩ ከዘይቱ ጋር ጭቃ ሆኗል። አለበል መሬት እንዳይነካ በመዳፉ ተቀብሎ አጥሩ ላይ አንጠለጠለው። ከዚያ ብረቱን በቤንዚን አጠበ። ይታገሱ ሞረዱን አንሥቶ ራሱ ይፍቅ ጀመር። የተፋቀውን ደግሞ ይፍቃል። ብሎኖቹን ከሥር እስከ ጫፍ አንድ ባንድ ዳሰሳቸው፤ የተጣመመ አልነበረም። ጎማውን ከአለበል ጋር አነሡት፣ አሰሩት፣ ረገጡት። አንዴም ወደ እሷ አልዞረም።

አቻምየለሽ ከኋላው ቆማ ለጀርባው ታወራለች። ለልጁ ብላ እንደገመደችው፣ ባዶውን ስታየው አንጀቷን እንደበላት፣ አለበል ምሳ ላይ እስኪናገር ድረስ ጉዳቱን እንዳላወቀች ነገረችው። መሐላውን አልረሳሁትም አለች። ብረሳው ይሻል ነበር፣ የረሳ ሰው ምን ይባላል? ቆጣ ብትል ደስ ይለኛል አለችው። የመለሰላት መፍቻው ነው፣ ቀጭ ቀጭ እያለ። በመጨረሻ ሥርጉት ተነሥታ፣ እማማ ይበቃል፣ ይግቡ ብላ እጇን ይዛ ወደ ቤት አስገባቻት።

ቤት ውስጥ ሥርጉት ጉልበቷን ልትስም ብትሞክር ሆዷ አላስጎነብሳት አለ። አቻምየለሽ ትከሻዋን ይዛ ቀና አደረገቻት፤ ሁለት እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ፣ ማርያም በሽልም ታውጣሽ አለቻት። ሥርጉት በላያቸው የራሷን እጅ ደረበችባቸው። ይበርድለታል እማማ፣ እኔ እነግረዋለሁ አለቻትና ወጣች።

አለበል ከውጭ ሲመክር ይሰማታል። ከከተማ ወጣ እንዳልህ ቁምና ዳዶዎቹን ደግመህ አጥብቃቸው፤ አዲስ ብረት እስኪተኛ ድረስ መታየት አለበት ይላል። ይታገሱ፣ እሽ አለ። ለአለበል እሽ አለው። ድምፁን ስትሰማ፣ ይናገራል ማለት ነው፣ ድምፁ አለ አለች።

ከዚያ ይታገሱ ገባ።

ለደምበጫም ቢሆን፣ ለቡሬም ቢሆን፣ ጉልበቷን ስሞ «ይመርቁኝ እምየ» ሳይል ከዚህ ቤት ወጥቶ አያውቅም። አምና ያን ሁሉ ሲያኮርፍ እንኳ መኪናዋ ጋራዥ ስለነበረች መንገድ አልወጣም፤ ስለዚህ ሳትመርቀው የሄደበት ቀን የለም። ተነሣች። ነጠላዋን አስተካክላ ትከሻዋ ላይ አጣፋች፤ መዳፎቿን ገልብጣ ዘረጋች። ምርቃቱ ምላሷ ላይ ተደርድሮ ነበር። ከፊትህ ሚካኤል፣ ከኋላህ ገብርኤል፤ ገደሉን ሜዳ፣ ድንጋዩን ሣር ያድርግልህ። ሂደህ ግባ።

ይታገሱ ጃኬቱን ከሚስማሩ ላይ አወረደ። ኪሱን ዳሰሰ፤ መንጃ ፈቃዱ አለ። ጠረጴዛው ላይ የነበረውን የውሃ ኮዳ አነሣ። እጁ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል። ሲያልፍ በጣም ቀርቧት ስለነበር የጃኬቱ ጫፍ የተዘረጋ መዳፏን ነካው። በሩ ዝቅተኛ ነው፣ እሱ ደግሞ ረጅም ነው፤ ሁልጊዜ እንደሚያደርገው አንገቱን ደፍቶ፣ ቃል ሳይተነፍስ ወጣ።